ጉልባን መልቀም፣ እግር ማጠብ፤ ትንሽና ትልቅ አብረው የሚማሩት ክርስትና

«ደቀ መዝሙር» የሚለውን ቃል በግእዙ መልክ ብንፈታው በውስጡ ልጅ ተቀምጦ እናገኛለን። ደቅ ልጅ ማለት ነው፤ ዛሬም «ደቂቅ» የምንለው ከዚያው ቤት የወጣ ነው። የክርስቶስን ተከታዮች በዚህ ስም የጠሩ አባቶች ተማሪውን በአስተማሪው እግር ሥር እያደገ እንደሚሄድ ልጅ ያዩት ይመስላል። በውጭ አገር ባሉ ብዙ የኢትዮጵያውያን ጉባኤዎች ግን የደቀ መዝሙር ትምህርት ሲባል የሚታሰበው ለአዋቂ የተሰናዳ፣ ደብተርና ጥቅስ የበዛበት የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ሳምንት ኮርስ ነው። ልጆቹ በዚያ ሰዓት በሌላ ክፍል ወረቀት ላይ የተሳለ በግ ቀለም ይቀባሉ። ሁለቱም ወገን ስለ አንድ ጌታ እየተማረ ነው፤ ሲጨርሱ ግን በመኪና ወደ ቤት ሲመለሱ የሚነጋገሩበት የጋራ ነገር የላቸውም። እኔ እዚህ ላይ የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ ልጅና አዋቂ በአንድ ሥራ ላይ እጃቸውን አብረው የሚያሳርፉበት አምልኮ ያስፈልገናል፤ ለዚህም የሚሆነው ነገር ከሩቅ የሚመጣ ሳይሆን ከገዛ ጓዳችን የሚወጣ ነው።

በቴክሳስ የምትገኘው አርሊንግተን ለዚህ ሐሳብ ጥሩ መፈተኛ ናት። በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል የተዘረጋችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 394,000 ነዋሪ ተመዝግቦባታል። ይህን ያህል ሕዝብ ይዛ መደበኛ የከተማ አውቶቡስ የሌላት በመሆኗም ትታወቃለች፤ መኪና የሌለው ሰው ከ2017 ወዲህ በስልክ የሚጠራ የጋራ ቫን ይጠቀማል። የአበሻ ሱቁም ቤተ ክርስቲያኑም በብዛት ያለው በዳላስና በጋርላንድ በኩል ስለሆነ፣ አርሊንግተን የሚኖር ቤተሰብ እሑድ ልጆቹን ጭኖ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊነዳ ይችላል። ያንኑ መንገድ ረቡዕና ዓርብ ማታ፣ ከሥራ ውሎ በኋላ መድገም ለብዙው ሰው የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ከእሑድ እስከ እሑድ ባሉት ስድስት ቀናት ልጁ ክርስትናን የት ይማራል ቢባል፣ ያለው ቦታ የአፓርታማው ሳሎን ነው።

የሳሎንን ጉልበት በዚችው ከተማ ቀድመው ያዩት ወይዘሮ ቲሊ በርጊን ናቸው። በደቡብ ኮሪያ በሚስዮናዊነት አገልግለው የተመለሱት እኚህ ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በአርሊንግተን ፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሥር ሚሽን አርሊንግተንን ጀመሩ። የአፓርታማ ነዋሪው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ካልመጣ አምልኮው ወደ ነዋሪው መሄድ አለበት አሉ። ዛሬ ይህ አገልግሎት በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች፣ በሰው ሳሎንና በአፓርታማ ግቢ ሜዳ ሳይቀር፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጉባኤ ያካሂዳል፤ ልብስና የቤት ዕቃ ያድላል፣ ለጥርስና ለሌላም ሕመም ነጻ ሕክምና ይሰጣል፣ በገና ሰሞን ችግረኛ ወላጆች ራሳቸው ለልጆቻቸው ስጦታ የሚመርጡበት ሱቅ ይከፍታል። የእኔን ትኩረት የሳበው ግን ሌላ ነው። ሳሎን አንድ ክፍል ነው። ሕፃኑን፣ ጎረምሳውን፣ አያትየውን ለያይቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ የሚነበበውና የሚሠራው ነገር ሁሉንም የሚይዝ እንዲሆን ያስገድዳል። ልጆችን ወደ ሌላ ክፍል የመላክ ልማድ በከፊል ሰፊ ሕንፃ ያመጣው ነው፤ ሕንፃው ሲጠብ ቤተሰቡ መልሶ አንድ ይሆናል።

የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1982 መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ፣ ንብረቷን ወርሶ መሪዎቿን ሲያስር፣ ምእመናኗ ወደ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1991 በግልጽ መሰብሰብ ሲቻል ቁጥራቸው ወደ 34,000 ደርሶ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት የነበራቸው የየቤቱ ኅብረት ነው፤ ጥቂት ሰው፣ ዝግ ያለ ድምፅ፣ የተዘጋ መስኮት። ለዕድገቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ ሁሉንም ለሳሎኑ መስጠት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ቢሆንም መድረክ፣ ድምፅ ማጉያና የመማሪያ ክፍል በሌለበት ሰው ተከታይ ሆኖ ማደግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ከአሜሪካ የተገኘው ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ክርስቲያን ስሚዝ የመሩት የወጣቶችና የሃይማኖት ብሔራዊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 3,290 ወጣቶች ጠይቆ፣ በወጣቱ እምነት ላይ ከማንም በላይ የሚበረታው ተጽዕኖ የወላጆች መሆኑን አገኘ። ብዙዎቹ ወጣቶች የሚያምኑትን በራሳቸው ቃል ማስረዳት እንደሚቸገሩም አሳየ። በካሊፎርኒያ ያለው የፉለር የወጣቶች ተቋም ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶችን ተከታትሎ፣ ከበሰለ እምነት ጋር አዘውትሮ ተያይዞ የተገኘው ከመላው ጉባኤ ጋር፣ ከትልልቆች ጋር ማምለክ መሆኑን ገለጸ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ አብሮ የሚያመልክ ቤተሰብ ቀድሞውንም የጠነከረ ቤተሰብ ሊሆን ስለሚችል የቱ የቱን እንዳመጣ በዚህ ብቻ አይለይም። ሆኖም ልጆችን ለይቶ ማስተማር ብቻውን ይበቃል ብሎ ለሚያስብ ሰው ከእነዚህ ጥናቶች የሚያገኘው ድጋፍ ጥቂት ነው።

በአርሊንግተን ያለው የአበሻ ቤተሰብ ደግሞ አሜሪካዊው የሌለበት ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ቋንቋ። አያቶች በአማርኛ ይጸልያሉ፣ ልጆች በእንግሊዝኛ ያስባሉ፣ ወላጆች መካከል ላይ ሆነው ያስተረጉማሉ። የተለመደው መፍትሔ ስብከቱን መተርጎም ወይም ለወጣቱ የእንግሊዝኛ አገልግሎት መክፈት ነው። ሁለቱንም አልቃወምም። ነገር ግን የተተረጎመ ስብከት ልጁን ከሰባኪው ጋር ያገናኘዋል እንጂ ከአያቱ ጋር አያገናኘውም። ሁለት ሰዎች ቋንቋ ሳይግባቡ አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ሲሰጣቸው ግን ሥራው ራሱ ቋንቋ ይሆናል፤ ቃላቱም ከሥራው ጋር ተጣብቀው ይመጣሉ። አማርኛ እንዲችል በየሳምንቱ ፊደል የሚቆጥር ልጅ «ልቀም»፣ «ዘፍዝፍ»፣ «አንተክትክ» የሚሉትን ከመጽሐፍ ላያገኛቸው ይችላል፤ ከእጁ ግን አይጠፉም።

ጉልባንን እንውሰድ። የጸሎተ ሐሙስ ምግብ ነው፤ ስንዴና የባቄላ ክክ፣ በአንዳንድ ቤት ሽምብራም፣ ተቀቅሎ ጨው ተደርጎበት የሚበላ። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ስንዴው ትሪ ላይ ይፈሳል። እንክርዳዱን፣ ጠጠሩን፣ የተሰበረችውን ፍሬ ለመለየት የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ከአያት ዓይን ይፈጥናል፤ ጣቶቹም ትንንሽ ስለሆኑ ይቀናዋል። ውኃው ምን ያህል ይሁን፣ የትኛው ቀድሞ ይጣድ፣ ባቄላው ሳይፈርስ የሚወጣው መቼ ነው የሚለውን የምታውቀው ግን አያት ናት። ልጁ ያለ አያቱ ጉልባን አያገኝም፤ አያትየዋም ያለ ልጁ ዓይን ትሪው ላይ ትቸገራለች። በዚህ መሀል ማንም ሳያነሣሣው አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ስንዴ ከሆነ ለምን ተፈጭቶ ዳቦ አልሆነም? መልሱ ሙሉ ታሪክ ነው። የእስራኤል ልጆች ከግብፅ ሲወጡ ለመፍጨትና ለማቡካት ጊዜ አልነበራቸውም ይባላል፤ በጥድፊያ ያገኙትን ይዘው ወጡ። የኦሪት ዘጸአት 12ኛ ምዕራፍም የፋሲካው ማዕድ ሲሠራ ልጆች «ይህ ምንድር ነው» ብለው እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ያስባል፣ ወላጅም እንዲመልስ ያዛል። ማዕዱ የተሰናዳው ጥያቄ እንዲያስነሣ ሆኖ ነው። እንግዲህ በማዕድ ማስተማር የዘመኑ የልጆች አስተማሪዎች ያመጡት ብልሃት ሳይሆን የዘጸአት ሥርዓት ነው።

እግር ማጠብም እንዲሁ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕፅበተ እግር በጸሎተ ሐሙስ በካህናት ይፈጸማል፤ የወይራና የወይን ቅጠል ይያዛል። መሠረተ ክርስቶስ በተገኘችበት በሜኖናይት ወግም እግር መተጣጠብ ነባር ሥርዓት ነው። ከሁለቱም ውጭ ግን አንድ የቤት ልማድ ነበረን፤ ማታ ልጅ ሳፋ ይዞ የአባቱን፣ የእናቱን፣ የመንገደኛውን እንግዳ እግር ያጥብ ነበር። ይህ ቅዱስ ምሥጢር ተብሎ የተፈጸመ ሳይሆን ተራ አክብሮት ነበር። አርሊንግተን ላይ ይህን መመለስ የሚጠይቀው ሳፋ፣ ለብ ያለ ውኃና ፎጣ ብቻ ነው። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ቆማ ያደረች እናት ካልሲዋን ስታወልቅ የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ክብ ሠርቶ ይታያል፤ እግሯ አብጧል። ውኃ የሚያፈስላት ልጅ የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ በዚያች ደቂቃ ያየዋል። ቀጥሎ እናቲቱ ተነሥታ የልጁን እግር ስታጥብ ትምህርቱ ይገለበጣል፤ ትልቁ ዝቅ ይላል። የዮሐንስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ከዚህ በኋላ ቢነበብ አንባቢው ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም። ጴጥሮስ እግሩን አላሳጥብም ያለው ለምን እንደሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባቸው፣ እግራቸውን ለልጃቸው መስጠት ያሳፈራቸው አባቶች ይሆናሉ።

በሌላው ዓለም ይህን መንገድ የጀመሩ አሉ። በእንግሊዝ፣ ፖርትስመዝ አጠገብ፣ ሉሲ ሙርና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ሜሲ ቸርች የተባለውን ጉባኤ ከፈቱ፤ ቤተሰብ በአንድነት በእጁ የሚሠራበት፣ አጭር አምልኮ የሚደረግበት፣ በመጨረሻም ትኩስ ምግብ አብሮ የሚበላበት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በዚሁ በቴክሳስ፣ ሂዩስተን ላይ፣ ቄስ ጀሮም ቤሪማን ጎድሊ ፕሌይ የተባለውን ዘዴ አዳበሩ፤ መሠረቱ ሶፊያ ካቫሌቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሮም ውስጥ የጀመሩት፣ ከማሪያ ሞንቴሶሪ የወረሱት የልጆች ትምህርት ነው። ታሪኩ ከእንጨት በተሠሩ ትንንሽ ምስሎች ቀስ ብሎ ይነገራል፤ ከዚያ ተራኪው መልስ ከመስጠት ይልቅ እያሰላሰለ ይጠይቃል። ከእነዚህ መማር ይቻላል፤ በተለይ ዝምታውንና ጥያቄውን። ነገር ግን የሜሲ ቸርችን ቅርጽ ለሚያውቅ አበሻ ነገሩ የወር ጽዋን ያስታውሰዋል። በወር አንድ ቀን፣ በተራ፣ በአንዱ ቤት፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ወንድማማችነት ተጠይቆ የሚበተነው የጽዋ ማኅበር ለዘመናት ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። የቀረው ልጆቹን ከመኝታ ክፍልና ከስክሪኑ ጠርቶ ሥራ መስጠት ነው፤ ዳቦውን የሚያዞረው፣ የሚቀጥለውን ተረኛ የሚመዘግበው፣ የታመመ አባል ስም የሚያነሣው ልጅ ይሁን።

ለመምረጥ የሚረዳ አንድ መለኪያ አለኝ። ሥራው ሁለቱንም ዕድሜ የሚፈልግ ካልሆነ የሁሉም ዕድሜ አምልኮ ሊባል አይገባውም። ልጅ ቀለም ሲቀባ አዋቂው ስልኩን እያየ የሚጠብቅበት ዝግጅት ልጆችን ማቆያ ነው። በተቃራኒው በሆሣዕና የዘንባባ ቀለበት መሥራት መለኪያውን ያልፋል፤ ቅጠሉን ሰንጥቆ፣ በጣት ዙሪያ አጥፎ፣ መስቀል አድርጎ መቋጨት ከሚችል ሰው እጅ ላይ ካልሆነ የማይወረስ ጥበብ ነው። ቡናውም ያልፋል፤ በአቦሉ ታሪኩ ቢነበብ፣ በቶናው ውይይቱ ቢሆን፣ በበረካው ከልጅ እስከ አዋቂ እያንዳንዱ በአጠገቡ የተቀመጠውን ቢመርቅ፣ ከሥነ ሥርዓቱ ምንም ሳይቀየር የአምልኮ ሰዓት ይሆናል። ልጅ በስልኩ የአያቱን ምስክርነት መቅረጽም ያልፋል፤ በደርግ ዘመን ጸሎት የት ነበር፣ መጽሐፉ የት ይደበቅ ነበር፣ ማን ታሰረ። ስልኩን የሚያውቀው ልጁ ነው፤ ታሪኩ ያለው ከአያት ዘንድ ነው።

ይህ ሁሉ ፈሪሃ እግዚአብሔርን ያላላል፣ አምልኮን ወደ ጨዋታ ያወርዳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ ሊገፋ አይገባም። ቅዳሴ ቅዳሴ ነው፤ ሥርዓቱን የሚነካ ሐሳብ እዚህ የለም፤ የወንጌላውያኑም የእሑድ ጉባኤ የራሱ ክብር አለው። እኔ የምለው ከእነርሱ ውጭ ስላለው፣ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ የቤት ኅብረቱ፣ ስለ ሳሎኑ ነው። ከዚያም በላይ የእኛ ሥርዓት ራሱ አካልን የሚያሠራ ነው። በስቅለት ቀን ምእመኑ እየሰገደ ይውላል፤ ሲያበቃ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ይመታል። በቀዳም ስዑር ቄጤማ ራሱ ላይ ያስራል። በቡሄ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ጅራፉ የደብረ ታቦርን የነጎድጓድ ድምፅ፣ ችቦው ብርሃኑን ያስታውሳል ተብሎ ይተረጎማል። እነዚህን የደነገጉና የተረጎሙ አባቶች ልጅ በጆሮው ብቻ እንደማይማር ያውቁ ነበር። ክብር የሚጠፋው እጅ ስለተንቀሳቀሰ ሳይሆን ትርጓሜው ስለተረሳ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ አዋቂው ጠንካራ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ሁሉን ለልጅ ስናቀል ትልቁ ሳይማር ይቀራል። እውነት አለው። ትርጓሜ፣ ነገረ መለኮት፣ ረጅም ጥናት ቦታቸውን መልቀቅ የለባቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር ለልጅ የሚገባ መሆኑ ጥልቀት የለውም ማለት አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤታችንን ብናስብ፣ ተማሪው ከቅኔና ከዜማው ጋር ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቁራሽ ለምኖ ይበላል፤ ከመምህሩ ቤት ሕይወት ጋር ተቆራኝቶ ያድጋል። ያ ትምህርት ጥልቀት አጥቷል የሚል ማንም የለም። ይልቅ እግሩን ለልጁ ሰጥቶ ያሳጠበ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ትሕትና ለሚሰማው ስብከት ጆሮው የተለየ ይሆናል።

የጊዜው ጉዳይ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ላይ ሌላ ፕሮግራም መጫን ጭካኔ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ቀን ከመፍጠር ይልቅ ያለውን መጠቀም ይሻላል፤ ምግቡ መሠራቱ አይቀርም፣ ቡናው መፈላቱ አይቀርም፣ መኪናው መነዳቱ አይቀርም። የቦታውንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አፓርታማ ግቢ ውስጥ ችቦ ማብራት አይቻልም፤ በነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል ቡሄ ቀኑ ሲመሽ፣ በትሪኒቲ ወንዝ ዳር ባለው በሪቨር ሌጋሲ ፓርክ ዓይነት ቦታ ወይም በቤት በባትሪ መብራት ቢሆን ይሻላል። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ጽዋው ራሱ አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው እንደ ሚሽን አርሊንግተን ካሉ የተቸገረን ከሚረዱ ድርጅቶች ጋር ልብስ ቢያጥፉ፣ ካርቶን ቢሸከሙ፣ ማታ ዳቦውን ሲቆርሱ የሚነጋገሩበት አይጠፋም።

ለመጀመር የሚቀለው ግን ጉልባኑ ነው። ጸሎተ ሐሙስ በቴክሳስ የሥራና የትምህርት ቀን ሆኖ ሊውል ስለሚችል ባቄላው ረቡዕ ማታ ይዘፈዘፋል። ስንዴው ትሪ ላይ ይፈስሳል፣ ትሪው ከልጁ ፊት ይቀመጣል፣ አያትየዋ በአጠገቡ ትቀመጣለች፤ «ለምን አልተፈጨም?» የሚለው ጥያቄ እስኪመጣ ድረስ ማንም አይቸኩልም።